የአናሳው ሕዝብ እንደራሴ፦ ያኖሽ ኤስተርሃዚ

ተማሪዎች፣ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ስታነቡ በመጀመሪያ ለማወቅ የምትፈልጉት መቼና የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራና እንዴት እንደ ሞተ ነው። እነዚህን ማወቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይበቁም። ሰውየው በኖረበት ዘመን ምን ዓይነት ችግር ገጠመው? ከፊቱ ስንት መንገድ ነበረ? እሱስ የትኛውን መረጠ? ለምርጫውስ ምን ዋጋ ከፈለ? ከዚህ ቀጥሎ የቀረበላችሁን የያኖሽ ኤስተርሃዚን የሕይወት ታሪክ ስታነቡ እነዚህን ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙ። በምንባቡ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በምታነቡበትም ጊዜ የመካከለኛውን አውሮፓ ካርታ ከፊታችሁ ብትዘረጉ ታሪኩን ለመከታተል ይረዳችኋል።

ልደቱና አስተዳደጉ

ያኖሽ ኤስተርሃዚ ማርች 14 ቀን 1901 ዓ.ም. በኒትራ ከተማ አጠገብ በምትገኝ አንዲት መንደር ተወለደ። ያን ጊዜ ይህ አካባቢ የሃንጋሪ መንግሥት ክፍል ሲሆን፣ ሃንጋሪም ከኦስትሪያ ጋር በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ትተዳደር ነበረ። ዛሬ ግን መንደሪቱ የምትገኘው በስሎቫኪያ ሪፑብሊክ ውስጥ ነው።

የኤስተርሃዚ ቤተ ሰብ በሃንጋሪ ታሪክ ስመ ጥር ከሆኑት የመኳንንት ቤቶች አንዱ ነው። ሃይድን የተባለው ዝነኛ የሙዚቃ ደራሲ ብዙ ዓመታት ያገለገለው ከዚህ ቤት የተወለዱትን መሳፍንት ነበረ። የያኖሽ አባት ሃንጋሪያዊ ሲሆን እናቱ ደግሞ ታርኖቭስኪ ከሚባለው የፖላንድ መኳንንት ቤት የተወለደች ነበረች። አባቱ የሞተው እሱ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ስለዚህ እሱንና እኅቶቹን ያሳደገች እናቱ ናት። ልጁ የሃንጋሪም የፖላንድም ደም ያለው፣ በስሎቫኮች አገር የተወለደ ስለ ነበረ የሰው ልጅ በአንድ ጎራ ብቻ የሚመደብ አለመሆኑን የተማረው ገና በቤቱ ነበረ ለማለት ይቻላል። ከፍ ሲል ወደ ቡዳፔስት ሄዶ የንግድ ትምህርት ተማረ።

ድንበር ሲለወጥ

እንደምታውቁት አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ዓ.ም. ሲያበቃ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ፈራረሰ። በፍርስራሹም ላይ አዳዲስ መንግሥታት ተመሠረቱ፤ ከእነዚህም አንዱ ቼኮችና ስሎቫኮች በአንድነት ያቋቋሙት የቼኮስሎቫኪያ ሪፑብሊክ ነበረ። ጁን 4 ቀን 1920 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በትሪያኖን ቤተ መንግሥት በተፈረመው የሰላም ውል ሃንጋሪ ከመሬቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሃንጋሪያውያንም ከአዲሱ ድንበር ውጭ ቀሩ። በቼኮስሎቫኪያ የቀሩት ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጡ ነበረ።

እስቲ ይህን ነገር አስተውሉ። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው አልተነሡም፤ ከእርሻቸውም አልተፈናቀሉም። የተንቀሳቀሰው ድንበሩ ነው። ትናንት በገዛ መንግሥታቸው ሥር የነበሩ፣ ይልቁንም ስሎቫኮችን ሲገዙ ከነበሩት ወገን የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ዛሬ በሌላው መንግሥት ሥር አናሳ ብሔረሰብ ሆነው ተገኙ። በሌላ በኩል ደግሞ ስሎቫኮች ቀደም ሲል በሃንጋሪ መንግሥት ቋንቋቸው ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ሲገፋ የኖረ ስለ ነበረ፣ የተፈራረቀው ዕጣ ለእነሱ ነፃነት ነበረ። ለአንዱ ሐዘን የሆነው ለሌላው ደስታ የሆነበት ዘመን መሆኑን ካልተረዳችሁ የቀረውን ታሪክ በሚገባ ልትረዱት አትችሉም።

አዲሱ መንግሥት ባወጣው የመሬት ሥሪት ማሻሻያ ሕግ መሠረት አብዛኛው የኤስተርሃዚ ቤተ ሰብ ርስት ተወሰደ። ብዙ የሃንጋሪ መኳንንትና የመንግሥት ሠራተኞች ንብረታቸውን ጥለው ወደ ቡዳፔስት ሲሰደዱ ወጣቱ ያኖሽ ግን በተወለደበት መንደር ቀረ። በ1924 ዓ.ም. ትዳር መሥርቶ ሁለት ልጆች ወለደ።

ወደ ፖለቲካ ዓለም

ኤስተርሃዚ ወደ ፖለቲካ የገባው በወጣትነቱ ነው። በ1932 ዓ.ም. ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳለ የክርስቲያን ሶሻሊስት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። ይህ ፓርቲ በቼኮስሎቫኪያ የሚኖሩት ሃንጋሪያውያን ካቋቋሟቸው ዋና ዋና የፖለቲካ ድርጅቶች አንዱ ነበረ። በ1935 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ የፕራግ ምክር ቤት እንደራሴ ሆነ።

እዚህ ላይ የአናሳ ብሔረሰብ እንደራሴ ሥራ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በቼኮስሎቫኪያ የቋንቋ ሕግ መሠረት አንድ አናሳ ብሔረሰብ በአንድ የፍርድ አውራጃ ውስጥ ከነዋሪው ሕዝብ ቢያንስ 20 በመቶ ከሆነ በቋንቋው በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት የመገልገል መብት ነበረው። ከዚያ ቁጥር በታች ከሆነ ግን ይህን መብት ያጣል። ስለዚህ የሕዝብ ቆጠራ፣ የአውራጃ ወሰን፣ የዜግነት ወረቀት፣ የአንድ መንደር ትምህርት ቤት መከፈትና መዘጋት፣ እነዚህ ሁሉ ትልቅ የፖለቲካ ጉዳዮች ነበሩ። ኤስተርሃዚ በምክር ቤት እየተነሣ የሚናገረው ስለ እነዚህ ጉዳዮች ነበረ። የአንድ ገበሬ የዜግነት ማመልከቻ ለምን እንደ ተጓተተ መጠየቅ ተራ ነገር ቢመስልም፣ ለገበሬው ግን የጡረታና የሥራ ጉዳይ ነበረ።

እውነቱን ለመናገር ቼኮስሎቫኪያ በዚያ ዘመን በአካባቢው ከነበሩት መንግሥታት ሁሉ የተሻለ ነፃነት የነበረባት አገር ናት። አናሳ ብሔረሰቦች ፓርቲ ማቋቋም፣ ጋዜጣ ማሳተምና እንደራሴ መምረጥ ይችሉ ነበረ። ይሁን እንጂ ሃንጋሪያውያኑ በሕግ የተጻፈው ሁሉ በሥራ ላይ አልዋለም እያሉ ያማርሩ ነበረ፤ አቤቱታቸውንም እስከ መንግሥታት ማኅበር ድረስ አቅርበው ነበረ። መንግሥታት ማኅበር ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የኢትዮጵያን አቤቱታ ሰምቶ ወራሪውን ኢጣሊያ ለመግታት ያልቻለው ያው የጄኔቭ ድርጅት መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ደካማው ወገን በዚያ ዘመን ከጄኔቭ ብዙ ሊጠብቅ የሚችል አልነበረም።

በዚሁ በ1936 ዓ.ም. ሁለቱ ታላላቅ የሃንጋሪያውያን ፓርቲዎች ተዋሕደው አንድ ፓርቲ ሲሆኑ ኤስተርሃዚ ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ቤኔሽም የሚኒስትርነት ሥልጣን ሊሰጠው ጠይቆት ነበረ። እሱ ግን ሹመቱን አልተቀበለም። የሕዝቡ ጥያቄ ሳይመለስ ወንበር መያዝ ጥያቄውን ማዳፈን ይሆናል የሚል አሳብ ነበረው። በሌላ በኩል ግን የሃንጋሪያውያኑ ፓርቲዎች ከቡዳፔስት መንግሥት ጋር በምሥጢር ይማከሩና ገንዘብም ይቀበሉ እንደ ነበረ ታሪክ ያረጋግጣል። የቡዳፔስት መንግሥት ዓላማ ደግሞ የጠፋውን መሬት ማስመለስ ነበረ። ስለዚህ የፕራግ መንግሥት እነዚህን እንደራሴዎች በጥርጣሬ ዓይን መመልከቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

መቅረት ወይስ መሄድ

በ1938 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ኃይል በረታ። በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ በሙኒክ ከተማ በተደረገው ስምምነት ቼኮስሎቫኪያ የድንበር አገሯን ለጀርመን እንድትለቅ ተገደደች። ከዚያም ኖቬምበር 2 ቀን የጀርመንና የኢጣሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በቪየና ተቀምጠው አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ሃንጋሪያውያን የሆኑበትን ወደ 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ለሃንጋሪ ወሰኑ። የሃንጋሪ ጦር ወደ ኮሺሴ ከተማ ሲገባ ብዙ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው።

ኤስተርሃዚም በዚህ ከተደሰቱት መካከል ነበረ። ነገር ግን በበዓሉ ላይ ለሃንጋሪው ርእሰ መንግሥት ለሆርቲ ባደረገው ንግግር፣ በሃንጋሪ ሥር የገቡት ስሎቫኮች መብታቸው እንዲጠበቅላቸው ለመነ። በድል ቀን ስለ ተሸነፈው ወገን መናገር የተለመደ አይደለምና ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አዲሱ ድንበር ሁሉንም ሃንጋሪያውያን አልጠቀለለም። ከስልሳ ሺህ በላይ የሚሆኑት አሁንም በስሎቫኪያ በኩል ቀሩ። የፓርቲው መሪዎች አብዛኞቹ ወደ ሃንጋሪ ተሻግረው ሹመትና ክብር ሲያገኙ ኤስተርሃዚ ግን ከቀሩት ጋር ለመቅረት መረጠ። የተወለደባት መንደርም ከዚያው ወገን ነበረች። ማርች 14 ቀን 1939 ዓ.ም. ስሎቫኪያ በጀርመን ጥበቃ ሥር ራሷን የቻለች መንግሥት ነኝ ብላ ስታውጅ፣ በብራቲስላቫው ምክር ቤት የሃንጋሪያውያን ብቸኛ እንደራሴ እሱ ሆነ።

ይህ መንግሥት በዮሴፍ ቲሶ የሚመራ፣ የአንድ ፓርቲ አገዛዝ የሰፈነበትና ለናዚ ጀርመን ያደረ ነበረ። ለሃንጋሪያውያንም የሚከተለው ደንብ በአጸፋ ላይ የተመሠረተ ነበረ፤ ይኸውም ሃንጋሪ በእርሷ ሥር ላሉት ስሎቫኮች የሰጠችውን ያህል ብቻ መስጠት ነው። በቡዳፔስት አንድ የስሎቫክኛ ትምህርት ቤት ጉዳይ ቢጓተት በብራቲስላቫ አንድ የሃንጋሪኛ ትምህርት ቤት ጉዳይ ይጓተታል። ስለዚህ ኤስተርሃዚ ለወገኑ መብት በብራቲስላቫ ሲከራከር፣ በቡዳፔስት ደግሞ ለስሎቫኮች መብት መለመን ነበረበት። ፓርቲው በሕግ የታወቀው እንኳ በ1941 ዓ.ም. ነው።

ያልተነሣች እጅ

የኤስተርሃዚን ስም ከሌሎች የዘመኑ ፖለቲከኞች የለየው በ1942 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ከማርች 25 ቀን ጀምሮ የስሎቫኪያ መንግሥት አይሁዳውያን ዜጎቹን በባቡር እየጫነ በጀርመን ወደ ተያዘችው ፖላንድ መላክ ያዘ። እስከ ኦክቶበር ወር ድረስ የተላኩት ወደ 58,000 ይደርሳሉ፤ ከእነዚህም በሕይወት የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ መንግሥት ሕጋዊ መልክ ሊሰጠው ፈልጎ አይሁዳውያኑን ዜግነታቸውንና ንብረታቸውን የሚያሳጣ፣ መባረራቸውንም የሚፈቅድ ሕግ አረቀቀ።

ሜይ 15 ቀን 1942 ዓ.ም. ሕጉ ለምክር ቤት ቀረበ። አንዳንድ እንደራሴዎች በአዳራሹ አልተገኙም ወይም ወጥተው ሄዱ። የተገኙት ድጋፋቸውን በእጃቸው ሲገልጡ ኤስተርሃዚ ግን እጁን አላነሣም። በአዳራሹ ተቀምጦ ድጋፉን የነፈገ እሱ ብቻ ነበረ።

ስለዚህ ድርጊቱ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሃይማኖቱና የሕሊናው ጉዳይ ነው፤ ካቶሊካዊ እንደ መሆኑ መጠን ሕጉን ከሰብአዊነት ውጭ አድርጎ ተመልክቶታል። ሁለተኛው ከእንደራሴነቱ የመነጨ ነው። ብዙኃኑ አናሳውን ከአገሩ ሊያባርር ሕግ ከፈቀደለት፣ ዛሬ በአይሁዳዊው ላይ የደረሰ ነገ በሃንጋሪያዊው ላይ እንደሚደርስ ተረድቶ ነበረ። የሌላውን አናሳ መብት አሳልፎ የሰጠ ሰው ለገዛ ወገኑ መብት የሚቆምበት መሬት አይኖረውም።

ከዚህ በተጨማሪ ኤስተርሃዚ ለስደተኞች፣ ለፖላንዳውያንና ለአይሁዳውያን መሸሸጊያ በመፈለግና ወደ ሃንጋሪ እንዲሻገሩ በመርዳት ብዙ እንደ ደከመ ይታወቃል። በ1944 ዓ.ም. መጨረሻ በቡዳፔስት ሥልጣን የያዙት የሃንጋሪ ፋሺስቶች ለጥቂት ጊዜ አሠሩት፤ የጀርመን ፖሊሶችም ይከታተሉት ነበረ።

ይሁን እንጂ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ብርሃኑን ብቻ አሳይቶ ጥላውን መደበቅ የለበትም። ይኸው ሰው በ1940 ዓ.ም. መንግሥት የአይሁዳውያንን ንብረት ለመቆጣጠር ሰፊ ሥልጣን ያገኘበትን ሕግ ደግፎ ነበረ። በዘመኑ በብዙዎች አፍ የነበረው ጸረ አይሁድ አነጋገርም በእሱ ንግግሮች ውስጥ አልታጣም። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. የወሰደው አቋም ከመጀመሪያ አንሥቶ ያልተሳሳተ ሰው አቋም ሳይሆን፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ አይቶ የቆመ ሰው አቋም ነው።

እሥራትና ሞት

ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ሲያልቅ ቼኮስሎቫኪያ እንደገና ተቋቋመች። አዲሱ መንግሥት ጀርመኖችንና ሃንጋሪያውያንን በጅምላ እንደ ከሐዲ በመቁጠር ዜግነታቸውን ነጠቀ። በኋላም ከስሎቫኪያ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሃንጋሪያውያን በሕዝብ ልውውጥ ስም ወደ ሃንጋሪ ተላኩ፤ ሌሎች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ በክረምት ቅዝቃዜ ለግዳጅ ሥራ ወደ ቼክ አውራጃዎች ተወሰዱ። ኤስተርሃዚ በ1942 ዓ.ም. የፈራው ነገር በሌላ መልክ ደረሰ።

እሱም በኤፕሪል ወር 1945 ዓ.ም. ስለ ሃንጋሪያውያን ለመከራከር በብራቲስላቫ ወደ ባለ ሥልጣኑ ወደ ጉስታቭ ሁሳክ ዘንድ ሄደ። ይህ ሰው በኋላ ዘመን የቼኮስሎቫኪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ነው። የሄደው ለልመና ቢሆንም የተያዘው እንደ ወንጀለኛ ነበረ። ከዚያም ለሶቪየት ኅብረት የጸጥታ ፖሊሶች ተሰጥቶ ወደ ሞስኮ ተወሰደ፤ በምርመራ ከሰነበተ በኋላም አሥር ዓመት ተፈርዶበት በግዳጅ ሥራ ወደሚኖርበት ካምፕ ተላከ። በዚያም የሳንባ ነቀርሳ ያዘው።

እሱ በሩቅ አገር ታስሮ ሳለ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1947 ዓ.ም. በብራቲስላቫ የተሰየመው ፍርድ ቤት በሌለበት የሞት ፍርድ ፈረደበት። የቀረበበት ክስ ሪፑብሊኩን ለማፍረስ ሠርቷል፣ ከፋሺስቶችም ጋር ተባብሯል የሚል ነበረ። የሶቪየት መንግሥት በ1949 ዓ.ም. ለቼኮስሎቫኪያ መልሶ ሲሰጠው ፍርዱ እንዳይፈጸም እኅቱ ብዙ ደከመች። በ1950 ዓ.ም. ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ወኅኒ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሮ፣ ማርች 8 ቀን 1957 ዓ.ም. በሞራቪያ በሚገኘው የሚሮቭ ወኅኒ ቤት ሞተ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነበረ።

ሬሳው ተቃጥሎ ዐመዱ እንኳ ለቤተ ሰቡ አልተሰጠም። በፕራግ የጅምላ መቃብር ውስጥ መኖሩ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዐፅሙ በኑዛዜው እንደ ፈለገው በተወለደበት አውራጃ ያረፈው በሴፕቴምበር ወር 2017 ዓ.ም. በስሎቫኪያ በዶልኔ ኦብዶኮቭሴ መንደር በተሠራው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው።

ከሞተ በኋላ

ኤስተርሃዚ ከሞተ በኋላም ክርክሩ አልሞተም። ሩሲያ በ1993 ዓ.ም. ጥፋተኛ አልነበረም ስትል ስሙን አደሰች። የፖላንድ መንግሥት በ2009 ዓ.ም. ከፍተኛ ኒሻን ሰጠው። በ2011 ዓ.ም. አንድ የታወቀ የአሜሪካ አይሁዳውያን ድርጅት ስለ ድፍረቱ ሽልማት ሰጠው። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከብፁዓን መካከል ይቆጠር ዘንድ በክራኮቭ ምርመራ ጀመረች። እነዚህ ሁሉ ከሆኑ በኋላም የ1947ቱ የብራቲስላቫ ፍርድ አልተሻረም። ብዙ የስሎቫኪያ የታሪክ ሊቃውንት ቼኮስሎቫኪያን ለማዳከም ከቡዳፔስት ጋር የሠራ ሰው አድርገው ይመለከቱታል፤ ብዙ የሃንጋሪ ሊቃውንት ደግሞ እንደ ሰማዕት ይቆጥሩታል።

እናንተስ ተማሪዎች፣ ምን ትላላችሁ? መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። የሁለቱም ወገን ማስረጃ እውነትነት አለው። ከቡዳፔስት ጋር ሠርቷል፤ በቪየናው ውሳኔ ተደስቷል። ነገር ግን ተሻግሮ ሹመት ሊያገኝ ሲችል ከጥቂቶቹ ጋር ቀርቷል፤ በድል ቀን ስለ ተሸናፊው ለምኗል፤ ሌሎች እጃቸውን ባነሡ ጊዜ እጁን ሰብስቧል። ስለ ራሱ ወገን የሚጮኽ ሰው በየትም አገር አይታጣም። የሰው ሚዛኑ የሚታወቀው ግን የእሱ ወገን ያልሆነ ሰው ሲበደል በሚሠራው ሥራ ነው። ኤስተርሃዚ በዚህ ሚዛን ላይ በተቀመጠ ጊዜ አንድ ጊዜ ቀልሏል፤ ከሁሉ በከፋው ቀን ግን ከብዶ ተገኝቷል።

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ላሉት ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት በማድረግ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በ1920 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የኤስተርሃዚን ቤተ ሰብ ኑሮ እንዴት ለወጠው?

2. በቋንቋ ሕጉ 20 በመቶ የሚለው ቁጥር ለአናሳ ብሔረሰቦች ከፍ ያለ ትርጉም የነበረው ለምንድን ነው?

3. ኤስተርሃዚ በብራቲስላቫና በቡዳፔስት የነበረበት ሥራ በምን ይለያያል? በምንስ ይመሳሰላል?

4. በ1942 ዓ.ም. እጁን ያላነሣባቸውን ሁለት ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

ለ. በምንባቡ ውስጥ ይሁን እንጂ፣ በሌላ በኩል፣ ስለዚህ በሚሉት ማያያዣዎች የተጀመሩትን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ አውጡ፤ እያንዳንዱ ማያያዣ የፊተኛውን አሳብ ከኋለኛው ጋር እንዴት እንዳያያዘ አመልክቱ።

ሐ. በሥራው ሊመሰገንም ሊወቀስም የሚችል አንድ የታሪክ ሰው መርጣችሁ፣ ሁለቱንም ወገን በማመዛዘን ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ድርሰት ጻፉ።